ነጋዴው ሲጽፍ ምላሱ ለምን ይተሳሰራል?

መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው አማርኛ አይቸግረውም። «እናቴ፣ ይኼ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ዋጋውም የቀነሰው ለዚያ ነው። ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል» ይላል። ገዢዋም ምን እንደምትገዛ፣ ለምን እንደረከሰ፣ ነገ ምን እንደሚገጥማት አውቃ ትሄዳለች። ይኸው ሰው ነግዶ አትርፎ፣ ኩባንያ አቋቁሞ ለደንበኞቹ መጻፍ ሲጀምር ግን አንደበቱ ይጠፋዋል። «ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ ምርቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለኅብረተሰቡ በማቅረብ ላይ እንደሚገኝ ይታወቃል» ይለናል። ለመሆኑ ማን ነው የሚያውቀው? ዋጋውስ የተመጣጠነው ከምን ጋር ነው?

ይህ የነጋዴ አማርኛ አይደለም፤ የመዝገብ ቤት አማርኛ ነው። ታሪክም አለው። በ1967 ዓ.ም. ባንኩም ኢንሹራንሱም ትልልቁ ፋብሪካም በመንግሥት ሲወረስ፣ ደንበኛ የነበረው ሰው ባለጉዳይ ሆነ። ባለጉዳይ ደግሞ አይለመንም፤ ይታዘዛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የባንክ ሥራን መልሶ ከፈተ። ንብረቱ ወደ ግል ዞረ፤ አማርኛው ግን እዚያው መሥሪያ ቤት ቀረ።

እስቲ ይህን ቋንቋ ቀረብ ብለን እንየው። መጀመሪያ ግሡን ይገድላል። «እንሸጣለን» ማለት ነውር ይመስል «የሽያጭ አገልግሎት እንሰጣለን» ይላል፤ «ይክፈሉ» በማለት ፈንታ «ክፍያ ይፈጽሙ» ይላል። ቀጥሎ ባለቤቱን ይደብቃል። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የምትለዋን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። መጉላላቱ እንደ ጉም ከሰማይ የወረደ ነው እንዴ? «አጉላላናችሁ» ቢሉ ምን ነበረበት? በመስኮቱ በኩል ያለችው ገንዘብ ከፋይ «ሲስተም የለም» ብላ በሁለት ቃል ነገሩን ትጨርሰዋለች። ቢያንስ እንድንሄድ ወይም እንድንቆይ እንወስናለን። በር ላይ የተለጠፈው ባለማኅተም ወረቀት ግን ግማሽ ገጽ ሞልቶ ይህችኑ አይነግረንም።

«የደንበኛን ክብር ለመጠበቅ ነው» የሚሉ አሉ። አማርኛ ግን ለአክብሮት ድሃ ሆኖ አያውቅም፤ «እርስዎ» አለ፣ «ይቀመጡ» አለ፣ «አባቴ» አለ። ማክበር ማለት ሰውየው የሚፈርምበትን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ስንቱ የዋህ ለወንድሙ ብድር ዋስ ሲሆን «በአንድነትና በነጠላ» ከምትል ሐረግ ሥር ፈርሟል! ትርጉሙ ባለዕዳው ሳይነካ ዋሱ ብቻውን ለሙሉው ዕዳ ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ሕጉ ቃሉን ይፈልገዋል፤ ይኑር። ከሥሩ ግን «ወንድምዎ ባይከፍል እርስዎን ብቻ ልንጠይቅ እንችላለን» የሚል አንድ መስመር ለመጨመር ስንት ቀለም ይፈጃል? ያቺ መስመር የቀረችው ቀለም ተቆጥቦ ሳይሆን፣ ነገሩ የገባው ሰው ላይፈርም ይችላል ተብሎ ከሆነ፣ ጉዳዩ የቋንቋ ድክመት መሆኑ ቀርቶ የህሊና ጉዳይ ይሆናል።

መዝገብ ቤቱን ያመለጡ የመሰላቸው ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ገብተዋል። የአራዳ ቋንቋ ተውሰው፣ ሽማግሌውንም ልጁንም «አንተ» እያሉ፣ በቃለ አጋኖ ብዛት ጓደኛችን ለመሆን ይሞክራሉ። የስልሳ ዓመት አዛውንት «ፈታ በል!» የሚል መልእክት ከገንዘብ ቤታቸው ሲደርሳቸው ምን ይበሉ? ያም የተውሶ ኮት ነው፤ ይኼም የተውሶ ኮት ነው። የራስ ድምፅ ማለት የሚያውቁትን ነገር፣ ለሚያውቁት ሰው፣ በሚናገሩበት አፍ መጻፍ ነው።

ንግድና ብዕር ባላንጣ እንዳልሆኑ ታሪካችን ይመሰክራል። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ በአማርኛ አሰላስለው የጻፉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ሁለቱም ነጋድራስ ነበሩ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። በአፈወርቅ ልብ ወለድ ውስጥም የሰው ችግር ገብቶት ገንዘቡን የሚሰጠው ደግ ሰው ነጋዴ ነው። የእነዚህ ነጋድራሶች ወራሽ ዛሬ ከባሕር ማዶ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት አስተርጉሞ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ስሙን ብትሸፍኑት የማን ግድግዳ እንደሆነ አይለይም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮችም በሩ ተከፍቷል። በካፒታል እንብለጣቸው ቢባል አይቻልም፤ በማሽንም አይቻልም። በእጃችን ያለው፣ እናቱ በምትናገረው ቋንቋ ደንበኛውን ማነጋገር ነው። እሱንም ለማኅተም አስረክበን ቁጭ ብለናል።

ነጋዴው አዲስ ትምህርት ቤት መግባት አያሻውም። የጻፈውን ማስታወቂያ ይዞ ባንኮኒው ላይ ይቁምና፣ የአንድ ደንበኛ ዐይን እያየ ጮክ ብሎ ያንብበው። ካፈረበት ወረቀቱን ይቅደደው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት አባቶቻችን ለችሎት ብቻ አልነበረም፤ ለገበያም ነው።