መነጽሩን ከመውቀስ በፊት

ፌርፋክስ ጎዳና ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ቡናው እስኪፈላ የሚጠብቁ አንድ አባት፣ ከዕድር የተላከላቸውን መልእክት ለማንበብ ስልካቸውን ያወጣሉ እንበል። ክንዳቸውን ዘርግተው ያርቁታል፤ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፤ በመጨረሻም አጠገባቸው ለተቀመጠው ልጃቸው አቀብለው «እስቲ አንብብልኝ» ይሉታል። ልጁ ዌስት አዳምስ ተወልዶ ያደገ ነውና ፊደሉ ቢታየውም አያነበውም። አባት ማንበብ ይችላሉ፤ ፊደሉ ግን አይታያቸውም። በሁለቱ መካከል የቀብሩ ሰዓት ያመልጣል።

ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ሄዶ የቅርቡን ማየት ማስቸገሩ የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ ነው። የፊደሉን መጠን የወሰነው ግን ዓይን ሳይሆን መሣሪያው ነው። ብራውዘር የሚባለው የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ 16 ፒክስል እንዲሆን ተደርጎ ነው። ባለቤቱ ሊለውጠው ይችላል።

ታዲያ ስንቱ ይለውጠዋል? በኢንተርኔት አርካይቭ ገጾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ቆጠራ እንዳሳየው፣ ይህን መጠን ለውጠው የተገኙት ከጎብኚዎቹ 3 በመቶ ያህሉ ናቸው። ገጽ በገጽ እያጎላ የሚያነበው እዚህ ውስጥ አልገባም። ቢሆንም አብዛኛው ሰው የተሰጠውን መጠን እንዳለ ተቀብሎ ይኖራል ማለት ነው።

በአማርኛ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። «ለ» እና «ሉ» የሚለዩት ወገቡ ላይ ባለች ጭረት ነው፤ ጭረቷ ወደ እግሩ ስትወርድ ደግሞ «ሊ» ይሆናል። ፊደሉ ሲያንስ «ሰማ» እና «ስማ» አንድ ይመስላሉ።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ኮምፒዩተር ላይ «ኮንትሮል» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ የመደመር ምልክቱን መምታት ገጹን ያጎላዋል፤ የመቀነስ ምልክቱ ያሳንሰዋል፤ ዜሮ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ማክ ላይ በ«ኮንትሮል» ፈንታ «ኮማንድ» ነው። ስልክ ላይ ደግሞ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ የፊደል መጠኑን አንድ ጊዜ ከፍ ማድረግ የብዙ መልእክት መላኪያዎችን ጽሑፍ ያሳድገዋል።

አንድ ነገር ግን በዚህ አይድንም፤ እሱም በፎቶ መልክ የሚላክ ማስታወቂያ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት አንዳንዱ በሥዕል መልክ ያቀርበው ነበር፤ ሌላው የራሱን ፎንት አንባቢው እንዲጭን ይጠይቅ ነበር። ያ ችግር ካለፈ ቆይቷል። ሆኖም የለቅሶና የስብሰባ ጥሪ ዛሬም በፎቶ ይዞራል። ፎቶ በሁለት ጣት ሲለጠጥ ይደበዝዛል፤ መስመሩም ከስክሪኑ ይወጣል። በፊደል ቢጻፍ እያንዳንዱ ሰው ለዓይኑ በሚስማማው መጠን ያነበው ነበር።

ስለዚህ የዕድር ጸሐፊ ማስታወቂያውን በፎቶ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ይላክ። ልጆችም በሚቀጥለው እሑድ የአባታቸውን ስልክ ተቀብለው ፊደሉን ያሳድጉላቸው። አማርኛ ማንበብ ለማይችል ልጅ እንኳ ይህ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። አባትም ያነበቡትን መልሰው ለልጃቸው ይነግሩታል።