ከመኪናው በፊት ለእጃችሁ

ከልብስ ስፌት መኪና መርፌ ሥር ብቅ ጥልቅ የሚሉ ትንንሽ የብረት ጥርሶች አሉ። ጨርቁን እየነከሱ የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው፤ ሰፊዋ አቅጣጫ ካስያዘች ይበቃታል። ጥርሶቹ ሲወርዱና ጨርቁን ጥብቅ አድርጎ የሚጫነው እግር ላላ ባለ ሌላ እግር ሲለወጥ ግን ሥራው ሁሉ ወደ እጅ ይዞራል። መርፌው ባለበት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጨርቁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚነዳው የሰው መዳፍ ነው። ሐረግ ቢሉ ሐረግ፣ አበባ ቢሉ አበባ ይወጣል።

አሜሪካ ውስጥ ኪልት የሚሰፉ ሰዎች በዚህ መንገድ ድንቅ ሥራ ይሠራሉ። ኪልት ሦስት ንብርብር ያለው የአልጋ ልብስ ነው፤ ከላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ገጽ፣ መሃል ላይ የጥጥ ወይም የፖሊስተር ሙሌት፣ ከታች ገበር። ሦስቱን አንድ የሚያደርገው ስፌት ለረጅም ዘመን በእጅ መርፌ ሲሠራ የኖረ በመሆኑ በመኪና የተሰፋውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኬንታኪ ግዛት ፓዱካ ከተማ ውስጥ በተካሄደው የአሜሪካ ኪልት ሰፊዎች ማኅበር ትርዒት፣ ካሪል ብራየር ፋለርት የተባለችው ባለሙያ በመኪና የሰፋችው ‹‹ኮሮና ቁጥር 2፦ የፀሐይ ግርዶሽ›› የትርዒቱን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ። በመኪና የተሰፋ ኪልት በዚያ መድረክ ለዚህ ክብር ሲበቃ የመጀመሪያው ነበር። ሥራው ዛሬ እዚያው ፓዱካ በሚገኘው ብሔራዊ የኪልት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ይህን ሙያ የያዙ የሀገሬ ሴቶች አሉ። አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው ጡረታ የወጡ እናቶች ናቸው። ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ‹‹የትኛውን መኪና ልግዛ?›› ብለው ነው። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ነገር ግን ለመኪና በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ሰው በጥቂት ዶላር የሚገኘውን ጓንት እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ ሲተወው ከልቤ አዝናለሁ። ጥርስ አውርደን ስንሰፋ ጨርቁን የሚያስኬደው እጃችን ነው። መኪናው ቢበላሽ ጥርሱም እግሩም ይቀየራል፤ እጅ ግን መለዋወጫ የለውም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። የቤት ውስጥ መኪና በሙሉ ፍጥነቱ ሲሮጥ በደቂቃ ከ800 እስከ 1,000 ጊዜ ይወጋል። እኛ ቀስ ብለን 400 እንያዝ። ኪልት ላይ ለዓይን ደስ የሚለው ስፌት በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ያህል ሲሆን ነው፤ አንዱ ስፌት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እንግዲህ በየደቂቃው አንድ ሜትር ጨርቅ በእጅ ማለፍ አለበት፤ ያውም እየተጠማዘዘ፣ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም። እጅ ከዘገየ ስፌቱ ይደራረብና ይቋጠራል፤ ከፈጠነ ይረዝማል፣ መርፌም ሊሰበር ይችላል። የሚነዳው ጨርቅ ደግሞ ነጠላ አይደለም። ለትልቅ አልጋ የሚሆን ኪልት ወርዱም ቁመቱም ከሁለት ሜትር ያልፋል። ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ የሚያልፈው በተራ መኪና ላይ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር በምትሆን፣ ከመርፌው በስተቀኝ ባለች ክፍተት ነው።

ባዶ እጅ ይህን ሲሞክር ምን ይሆናል? ደረቅ ቆዳ ጥጥ ጨርቅ ላይ ይንሸራተታል። እንዳይንሸራተት ሲባል መዳፍ ጠንከር ብሎ ይጫናል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተጫነው ጨርቅ ከመኪናው ጠረጴዛ ጋር ይበልጥ ይያያዛል፤ ስለተያያዘ ለመግፋት ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲጨመር እጅ እንደገና ይንሸራተታል፤ አሁንም ጫን ይደረጋል። ጣት ይገተራል፣ የእጅ አንጓ ይደርቃል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ መስመሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰፊዋ ‹‹ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም›› ብላ ትነሳለች። ሙያ አንሷት አይደለም። ጉልበቷን ያለቦታው ያስወጣት በእጇና በጨርቁ መካከል ያለው ሰበቃ ማነሱ ነው።

ስለዚህ ጓንትም ይሁን ሌላ መያዣ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ በእጅና በጨርቅ መካከል ያለውን ሰበቃ ጨምሮ እጅን ከመጫን ካሳረፈ ጥሩ ነው፤ ካላሳረፈ ስሙ ምንም ይሁን ምን አይረባም።

አንዲት እናት በሰፈር ቤተ መጻሕፍት በሚሰጥ የስፌት ትምህርት ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። መስፋት የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሲንጀር ነው። ጥርስ ማውረድ ግን አዲስ ሆኖባቸዋል። ጣቶቻቸውን ሳይ ከመጫን ብዛት የጥፍራቸው ጫፍ ነጭ ሆኗል። ‹‹እማማ፣ ይቺን አጥልቀው ይሞክሯት›› ብዬ ጓንቴን ሰጠኋቸው። ‹‹ጓንት ለብሶ መስፋት ደግሞ ምን የሚሉት ነው፣ ልጄ?›› አሉኝ። አጠለቁት። መጀመሪያ ያው እንደ ልማዳቸው ተጫኑ፤ ጨርቁ ከእጃቸው ቀድሞ ሄደባቸው። ከዚያ ቀለል አደረጉት። የጥፍራቸው መልክ ተመለሰ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ ስፌቱም እየተስተካከለ መጣ። ያን ጓንት አልተቀበልኳቸውም።

ያጠለቁት ጓንት ማሺንገርስ የሚባለው፣ በኪልት ሰፊዎች ዘንድ የታወቀው ነው። መዳፉና ጀርባው ስስ የናይለን ሹራብ ስለሆነ አየር ያስገባል። የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ላስቲክ በሚመስል ፖሊዩሪቴን ተነክሯል። ጣታችሁን ጨርቅ ላይ አሳርፉና ሳትጫኑ ወደ ጎን ሳብ ብታደርጉት ጨርቁ ተከትሎ ይመጣል። ጓንት ስትሞክሩ የምትፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ብራንዱ የግድ አይደለም። አትክልት ለመኮትኮት የሚሸጠው፣ መዳፉ ናይትራይል የተቀባው ጓንት ዋጋው ያነሰ ሆኖ ጥሩ ይይዛል። መዳፉ በሙሉ የተቀባ በመሆኑ ያልባል፣ ትንሽም ይገትራል፤ ለጀማሪ ግን ይበቃል። የላስቲክ ነጠብጣብ ያለበትን ወፍራም የጥጥ ጓንት አልመክርም። ጣት ጫፍ ላይ ያለው ስፌቱ ይጎረብጣል፣ ነጠብጣቡም እየተላጠ ያልቃል። የሐኪም ቤት ጓንት እጅን በላብ ይዘፍቃል፤ ለሰዓታት ሥራ አይሆንም። ላቴክስ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ደግሞ ናይትራይል ወይም ፖሊዩሪቴን መሆኑን አንብበው ይግዙ፤ የላቴክስ አለርጂ የሚናቅ አይደለም።

ከዓይነቱ ይበልጥ የምጨነቀው ለልኩ ነው። የጓንቱ ጣት ከናንተ ጣት ተርፎ ጫፉ ላይ ባዶ ከቀረ አውልቁት። ያ ትርፍ ሲታጠፍ ይዞታው ይጠፋል፤ መርፌው አጠገብ ሲደርስም ሊያዝ ይችላል፤ አደጋ ነው። አንጓ ላይ የሚያንቅ ከሆነም አይሁንባችሁ። ጓንት አጥልቆ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ስለሚያስቸግር ብዙዎች የአውራ ጣቱንና የሌባ ጣቱን ጫፍ በመቀስ ይቆርጡታል። እኔ ክር በማስገባበት እጅ ላይ ብቻ ቆርጫለሁ፤ የቀሩት ጣቶች ጨርቁን ለመያዝ በቂ ናቸው፣ ሌላኛው እጅም ሙሉ ይሆናል። በየጊዜው አውልቆ ከማጥለቅ ይህ ይሻላል፤ ማውለቅ የሰለቸው ሰው በመጨረሻ በባዶ እጁ ይሰፋልና።

ጓንቱን በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና በእጅ እጠቡት። የጥጥ ብናኝ የላስቲኩን ፊት ሲሸፍነው ‹‹አረጀ›› ተብሎ የሚጣል ብዙ ጓንት አለ፤ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ገና ያገለግል ነበር። የልብስ ማለስለሻ አታስነኩት። ቅባትም እንዲሁ፤ የተቀባ ጓንት ያንሸራትታል፣ በነጭ ጨርቅ ላይም አሻራውን ይተዋል።

አሁን ከጓንት ሌላ ወዳሉት መያዣዎች ልምጣ። በመርካቶም ሆነ በጎንደር በሲንጀር ጥልፍ የሚጠልፍ ባለሙያ አጠገብ የቆመ ሰው የምለው ይገባዋል። የቀሚሱን ደረት በሁለት ተጋጣሚ ክቦች መሃል ይወጥረዋል፤ እግሩ መርገጫውን ሲያስኬድ ሁለት እጆቹ ክቡን ከመርፌው ሥር ያዞራሉ። መስቀሉ፣ ሐረጉ፣ ጌጡ ሁሉ ያለ ንድፍ ይወርዳል። ጣቶቹ ጨርቁን አይጫኑም፤ የሚይዙት የክቡን ጠርዝ ነው። እነዚህ ሰዎች በዚህ ሙያ ከማንም አያንሱም፤ ለእጃቸው መያዣ የሆናቸውም ያ ክብ ነው።

ኪልት ግን ወፍራም ስለሆነ በየቦታው በክብ መወጠር አስቸጋሪ ነው። ለዚህ የተሠሩት መያዣዎች ከላይ የሚቀመጡ ናቸው። አንደኛው ከታቹ ላስቲክ ያለበት፣ ክብደት የተሰጠው ቀለበት ሲሆን ሌላው እንደ ማርቴሊ ያሉት፣ ከሥራቸው የማይንሸራተት ስፖንጅ የተለጠፈባቸው ሁለት እጀታዎች ናቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው ማሳረፍ ለማይችሉ፣ የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሰዎች እጀታው ትልቅ እፎይታ ነው፤ እጅ ጭብጥ እንዳለ ይሠራል። ሕመም ለሌለበት ሰው ግን ቅድሚያ አልሰጠውም። ጥቂት እንደሰፉ መኪናውን አቁሞ፣ አንስቶ፣ ወደ አዲስ ቦታ ማዛወር ይጠይቃል። ቁርጥራጮቹ የተጋጠሙበት ጉብታ ላይ ሲያርፍ ይወዛወዛል፣ የኪልቱ ዳር ላይ ሲደርስም ቦታ ያጣል። ከሁሉ በላይ ጣት ጨርቁን አያገኘውም። ከሥር እጥፋት ሲፈጠር ቀድሞ የሚያውቀው ጣት ነው፤ ስስ ጓንት ይህን ያስቀርልናል፣ እጀታ ይወስድብናል። ረዥም ክንድ ባለው ትልቁ የኪልት መኪና የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚያ ጨርቁ ተወጥሮ ይቆማል፣ የሚሄደው መኪናው ራሱ ነው፣ ጓንትም አያስፈልግም።

ምንም ነገር እጃቸው ላይ ማድረግ የማይወዱም አሉ። ብር ቆጣሪዎች የሚያጠልቁት ዓይነት የላስቲክ ጣት በሁለት ሦስት ጣት ላይ ቢያደርጉ ይረዳቸዋል። ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን በውኃ ቀጥኖ እጅ ላይ ጥቂት ተሽቶ ሲደርቅ ቆዳው ለስለስ ብሎ ጨርቅ ይይዛል። ቫዝሊን ግን አይሆንም፤ ጨርቁን ያበላሻል።

ጓንት ብቻውን የማያድንበትም ቦታ አለ። ኪልቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ወለል ተንጠልጥሎ ክብደቱ የሚጎትት ከሆነ የትኛውም ጓንት አይመልሰውም። ከመኪናው በስተግራና ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ወይም ወንበር አስጠግታችሁ ክብደቱን አሳርፉት። የመኪናው ወለል ላይ የሚነጠፍ፣ መርፌ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው የሚያንሸራትት ስስ ቴፍሎን ይሸጣል፤ ጓንት ላይኛውን ሰበቃ ሲጨምር እሱ የታችኛውን ይቀንሳል። ሁለቱ ሲገናኙ የእጅ ሥራ በግማሽ የቀለለ ያህል ነው የሚሰማኝ። ገጹን፣ ሙሌቱንና ገበሩን የያዘውን መርፌ ቁልፍ ደግሞ ወደ እሱ ከመድረሳችሁ በፊት እየነቀላችሁ ሂዱ፤ ጓንት ይይዛል፣ መርፌም ይሰብራል።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣትና የመሃል ጣት መደንዘዝ ካለ ነገሩ ከስፌት ያለፈ ነው። በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨቆን እንዲህ ያደርጋል፤ ‹‹የሥራ ድካም ነው፣ ያልፋል›› እያሉ ማቆየት ጉዳቱን ያከብደዋል። ሐኪም ጋ ሂዱ። እናቶቻችን ሕመማቸውን ዋጥ አድርጎ መኖር ለምደውበታል፤ ስለዚህ ልጆች ቀድመን እንጠይቃቸው።

ለእናታችሁ አዲስ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት አውራ ጣታቸውን ሳትጨምሩ የመዳፋቸውን ዙሪያና የመሃል ጣታቸውን ርዝመት በሜትር ለኩ። ሱቅ ስትደርሱ ልኩን ለሻጩ አሳዩና በዚያ መጠን ሁለት ጥንድ ጓንት ግዙ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። ገንዘባችሁ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ መኪናው ይቆይ። በአሮጌው መኪና ላይ ጓንቱን አጥልቀው ይጀምሩ።