ብቻውን በባዕድ ከተማ የሚዞር መንገደኛ

ሰው አገሩን ለቆ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለንግድ፤ አንዱ ለትምህርት፤ አንዱ ለመሳለም፤ አንዱም በመንግሥት ሥራ ተልኮ ይሄዳል። በዚህ ዘመን ግን ከነዚህ ከአንዱም የማይቈጠር መንገደኛ በዝቷል። ይኸውም ልብሱን በአንድ ሻንጣ ከቶ፤ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ፤ የሚቀበለው ወዳጅ፤ የሚመራውም ጓደኛ ሳይኖረው፤ የማያውቀውን ከተማ ለማየት ብቻውን የሚነሣው ሰው ነው። ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ሰው ሥራ ፈት ይሉታል፤ ወጣቶች ደግሞ ዕድለኛ ይሉታል። ኹለቱም ወገን ነገሩን በግማሽ አይቶታል።

ብቻ መሄድ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፤ አኩፋዳውን አንግቶ፤ ቅኔ ፍለጋ ከሸዋ ወደ ጎጃም፤ ትርጓሜ ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር ሲሄድ ኖሯል። ወላጆቹ ሳያውቁ የጠፋውም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የቆሎ ተማሪ በሰው ደጅ ቆሞ የእመቤታችንን ስም በጠራ ጊዜ ምን እንደ ኾነ የማያውቅ አልነበረም፤ ውሻው ባያውቀው የቤቱ እመቤት ታውቀዋለች። የዛሬው መንገደኛ ችግር ግን እዚህ ላይ ነው፤ በቆመበት ደጅ ምንነቱን የሚያውቅለት የለም።

ለምሳሌ የሮማ ከተማ ይበቃል። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ቴርሚኒ በሚባለው ጣቢያ ይቆማል። ጣቢያው ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ካለው ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ነው። ዘመነ ሰማዕታትን የሚያውቅ ካህን ይህን ስም ሲሰማ ይደነግጥ ይኾናል፤ ነገር ግን የመታጠቢያው ታላቅ አዳራሽ በ16ኛው መቶ ዓመት በሚኬላንጄሎ ዕቅድ ቤተ ክርስቲያን ኾኖ፤ በመላእክትና በሰማዕታት እመቤት በቅድስት ማርያም ስም ይጠራል። መንገደኛው ይህን ለማየት ፋታ የለውም። ሻንጣው ትከሻውን ይቈርጠዋል፤ ዓይኑም ኪሱን ይጠብቃል። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን አጠገብ የሚሄደው 64 ቍጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂዎች የታወቀ ነው። ኹለት ኾነው የሚሄዱ ሰዎች አንዱ ሲያንቀላፋ አንዱ ይጠብቃል፤ ብቸኛው ግን ወደ መጸዳጃ ቤት እንኳ ሻንጣውን አዝሎ መግባት አለበት። ሆቴሎችም ክፍላቸውን የሚተምኑት ለኹለት ሰው ስለ ኾነ፤ ብቻውን የመጣው ያልተኛበትን አልጋ ዋጋ ጭምር ይከፍላል፤ ገንዘቡ ካነሰው ስድስት ወይም ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል የላይኛውን አልጋ ይዞ፤ የሻንጣውን ማንገቻ በእጁ ጠምጥሞ ይተኛል። በኢጣሊያ ሕግ ማደሪያ የሚያከራይ ኹሉ የእንግዳውን ስም በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። እንግዲህ ያን ሌሊት የት እንዳደረ የሚያውቁለት ባለማደሪያውና ፖሊስ ብቻ ናቸው።

ከኹሉ የሚከፋው ግን ምሽት ነው። በምሽት ሰው ኹሉ ከወዳጁ ጋራ በማዕድ ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰው የተዘረጋ ማዕድ ደግሞ በየትም አገር ደስ አይልም። ይህ ድካም የዛሬ ልጆች ቅብጠት እንዳይመስል የጥንቱን መንገደኛ ማስታወስ ይገባል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1325 ከታንጀር ተነሥቶ የወጣው ኢብን ባቱታ፤ ቱኒስ በደረሰ ጊዜ የከተማው ሰዎች ወጥተው አብረውት የመጡትን መንገደኞች ኹሉ ሰላም ሲሉ፤ እርሱን የሚያውቀው ስለሌለ ዝም ብለው አለፉት። በዚያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነበረ፤ እንባውንም መግታት እንዳልቻለ በመጽሐፉ አስጽፏል። ከተሳላሚዎቹ አንዱ ነገሩ ገብቶት ቀረበና ሰላም አለው፤ እስከ ከተማውም ድረስ እያጫወተ ወሰደው። ይህ ያለቀሰው ልጅ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ዓለምን ዞሯል።

ያን ተሳላሚ ወደ ኢብን ባቱታ ያቀረበው የልጁ ብቻውን መኾን ነው። ኹለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚነጋገሩ ሦስተኛ አይቀርባቸውም፤ አንዱን ግን የዳቦ ሻጩም፤ የቤተ ክርስቲያን ጠባቂውም፤ በአግዳሚ ወንበር የተቀመጠውም ሽማግሌ ከየት መጣህ ይለዋል። በሮማ መካከል የፈረንሳዮች የቅዱስ ሉዊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በውስጡ ካራቫጆ የሣላቸው ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ይገኛሉ። ለመግባት ዋጋ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ቦታው ጨለማ ስለ ኾነ ሳንቲም በሣጥን ሲጣል መብራት ይበራል፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ይጠፋል። ጓደኛ ያለው ሰው ራበን፤ እንሂድ፤ አየነው እኮ እየተባለ ይጎተታል። ብቸኛው ግን ሳንቲሙ ቢያልቅበት እንኳ በጨለማው ቆሞ ሌላው እስኪጥል ይጠብቃል፤ ቀራጩ ማቴዎስ ሲጠራ ጣቱን ወዴት እንደ ጠቆመም እስኪገባው ድረስ ደጋግሞ ያያል። ከዚያም ወጥቶ በየመንገዱ ሳያቋርጥ ከሚፈሰው ምንጭ ውሃ ይጠጣል፤ እንዲህ ያለው ምንጭ በሮማ ከ2 ሺሕ በላይ ነው። ቡናውንም ቆሞ ቢጠጣ ተቀምጦ ከሚጠጣው ይረክስለታል።

በጥንት ዘመን ከተማው ራሱ ለብቸኛ እንግዳ ያስብ ነበር። ፊሊጶ ኔሪ በ1548 በሮማ ያቋቋመው ማኅበር በ1550 የኢዮቤልዩ ዓመት ለመጡት ተሳላሚዎች ማደሪያ ሰጠ፤ እግራቸውንም እያጠበ አበላቸው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ ያለው ቅዱስ እስጢፋኖስ ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበረ፤ አባ ተስፋ ጽዮንም የግዕዙን አዲስ ኪዳን በ1548ና በ1549 በሮማ ያሳተሙት በዚያ ተቀምጠው ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ ሪካርድ ሺርማን የተባለ የጀርመን መምህር፤ ተማሪዎች በእግር ሲጓዙ የሚያድሩበት ቢያጡ፤ በ1912 በአልቴና ግንብ ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ከፈተ። የዛሬው ርካሽ አልጋ የዚያ አሳብ ልጅ ነው፤ እግር ማጠቡ ግን ቀርቷል።

ይህ ኹሉ ችግር ለኹሉ እኩል አይደለም። ሴት ብቻዋን ስትሄድ ወንዱ የማያስበውን ሰዓትና መንገድ ኹሉ ማሰብ አለባት። የጀርመን ልጅ ሻንጣ አዝሎ ሮማ ቢገባ ጎብኚ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ያንኑ ሻንጣ ቢያዝል ሳይመለስ የሚቀር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ለቪዛው የሚያድርበትን ቤት፤ የሚበቃውን ገንዘብ፤ የመመለሱን ማስረጃ፤ ከ30 ሺሕ ኤውሮ የማያንስም የሕክምና ኢንሹራንስ እንዲያቀርብ ይገደዳል። ከዚህ ኹሉ በኋላ በቤቱ አባቱ፤ በመሥሪያ ቤቱም አለቃው ብቻህን ምን ልታደርግ ነው ብለው ሲከለክሉት፤ ከባዕዱ ቈንስል የራሱ ወገን የባሰ ይኾንበታል። ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣንም ኾነ ልጁን የሚመክር አባት ጥርጣሬውን ትቶ ስንቁን ቢያሟላለት ይሻላል።

ስንቁም ብዙ አይደለም። የፓስፖርቱ ግልባጭ አንዱ በቤቱ ይቅር፤ አንዱ ከፓስፖርቱ ተለይቶ በሻንጣው ይኑር። ገንዘቡን በአንድ ኪስ አያኑር። በስንት ቀን አንድ ጊዜ ድምፁን እንደሚያሰማ ከመነሣቱ በፊት ከቤተ ሰቡ ጋራ ይቍረጥ፤ ያለፈ እንደ ኾነ የሚፈልገው እንዲኖር። ሕመም ወይም አደጋ በሌሊት ቢመጣበት በአውሮጳ ኅብረት አገሮች ኹሉ 112 ብሎ መደወል ይችላል። ቍጥሩን ግን በቃሉ ይያዘው፤ ስልኩን የተሰረቀ ሰው በሰው ስልክ ይደውላል እንጂ በራሱ ስልክ የጻፈውን ሊያነብ አይችልም። የእናቱንም ቍጥር እንደዚሁ።