የጎልፍ ሜዳ በኦሞ አፍ?

በጉብኝት መጽሔቶች ሽፋን ላይ ደጋግመን የምናየው አንድ ሥዕል አለ፤ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ከዳርቻው እስከ ኮረብታው የተነጠፈ አረንጓዴ ሣር፣ በሣሩም ላይ ዱላውን ወደ ትከሻው ያነሣ የጎልፍ ተጫዋች። ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት በደቡብ ኦሞ ጫፍ እንዲህ ያለ ሜዳ ቢሠራ ጎብኚ ይጎርፋል ብሎ የሚመኝ አይጠፋም። እኛም ጎልፍን አንጠላም። ነገር ግን ከምኞቱ አስቀድሞ ሣሩ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ መጠየቅ ይገባል እንላለን።

ስሌቱ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይከብድም። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ውስጥ በመስኖ የሚለማው ሣር 30 ሄክታር ነው ብለን እንነሣ። በኦሞ አፍ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ከ400 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ከቱርካና ገጽ ላይ ደግሞ በዓመት ከ2 ሜትር የሚበልጥ ውኃ ይተናል። በእንዲህ ያለ ፀሐይ ሥር ሣሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግ አያስደንቅም። 300,000 ካሬ ሜትር በ0.005 ሜትር ሲባዛ 1,500 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል፤ ያውም በየቀኑ። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንመድብ ይህ ውኃ ለ75,000 ሰዎች ይበቃል። በሐመር ምድር ሴቶች በበጋ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውኃ እንደሚቀዱ ለሚያውቅ ሰው ይህ ውጤት ይከብደዋል።

«ሐይቁ አጠገቡ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ቱርካና ግን መውጫ የለውም። ከሚገባለት ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ኦሞ ያመጣለታል፤ ውኃው ሲተን ጨዉ ይቀራል። የሐይቁ ፒኤች 9 ገደማ ነው። ሶዲየም የበዛበት እንዲህ ያለ ውኃ በሸክላ አፈር ላይ ሲፈስ ሶዲየሙ የካልሲየምን ቦታ ይይዛል፤ የአፈሩ ቅንጣቶች ይበታተናሉ፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ በመጨረሻም ውኃ ከላይ ተኝቶ ሥር ይደርቃል። እንግዲያው የሚቀረው የኦሞ ውኃ ነው። እርሱም ባለቤት አለው፤ ዳሰነቾች ጎርፉ በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ ማሽላ ሲዘሩበት ኖረዋል።

ዳርቻውም ቢሆን በአንድ ቦታ አይረጋም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከምሥራቅ በኩል ያለው ጨው ባሕር ደግሞ በአንድ ወቅት ጥልቅ ሐይቅ የነበረ ሲሆን ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የጨው ሜዳ ነው።

ለመሆኑ ጎልፍ ከመነሻው የመስኖ ጨዋታ ነበርን? አልነበረም። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ሜዳው በባሕር ዳር አሸዋ ላይ በራሱ የበቀለ የጋራ ግጦሽ ነበር፤ ዝናብ ያጠጣዋል፣ በግ ያጭደዋል። አንድ ዙር 18 ጉድጓድ እንዲሆን መንገድ የከፈተውም በዚያው ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1764 የተደረገው ለውጥ ነው። በአውስትራሊያ በረሃ በኩበር ፒዲ ደግሞ ተጫዋቾች ሣር በሌለው መሬት ላይ፣ ኳሷን የሚያስቀምጡባትን ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር በእጃቸው ይዘው ይዞራሉ። የእኛም ገና ጨዋታ በታኅሣሥ ሜዳ ላይ ይካሄዳል እንጂ ማንም ውኃ አያጠጣለትም።

ስለዚህ በደቡብ ጎልፍ ይኑር ከተባለ ዓይናችንን ከሐይቁ ዳር አንሥተን ወደ ጂንካ እናቅና። ጂንካ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ለረጅም ዓመታት አውሮፕላን ያርፍ የነበረው በከተማዋ መካከል በተዘረጋ የሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ ከብቶች ይግጡበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ዳር ይይዛል። ሣሩን ያቆዩት ዝናብና የከብት ጥርስ ናቸው። በጂንካ ዙሪያ በእንዲህ ያለ ግጦሽ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ መቆፈር ቧንቧም ፓምፕም አይጠይቅም። በጎቹ ኳሷን ቢያንቀሳቅሷትስ? የጎልፍ ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ እንስሳ ያንቀሳቀሳት ኳስ ያለ ቅጣት ወደ ነበረችበት ትመለሳለች።