ቀጠሮው እስኪደርስ ተኝታችሁ አትጠብቁ

በዛሬው ዓምዳችን ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ብቻ የምንነጋገርበትን፣ ነገር ግን በየጉባኤያችን የብዙዎችን ቤት ያንኳኳ ጉዳይ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ካንሰር እንዳለበት ተነግሮት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የሚጠባበቅ ሰው እነዚያን ሳምንታት እንዴት ያሳልፋቸው? እኛስ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም የጸሎት ጓደኛ የሆንን ሰዎች ምን እናድርግለት?

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤተ ክርስቲያናችን የእህቶች ኅብረት ውስጥ የምናከብራቸው አንዲት እናት የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘባቸውና ለቀዶ ሕክምና ከስድስት ሳምንት በኋላ ተቀጠሩ። እኚህ እናት ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ ቢሆንም ጠዋት ገበያ ወጥተው፣ ከሰዓት በኋላ የታመመ ጠይቀው፣ ማታ ጸሎት ላይ የማይቀሩ ብርቱ ሰው ነበሩ። እኔም የመጋቢ ሚስት አይደለሁ? ወዲያው እህቶችን ሰብስቤ ተራ አወጣሁ። አንዷ ታበስላለች፣ ሌላዋ ታጥባለች፣ ሌላዋ ቤት ትጠርጋለች። ውኃ እንኳ ራሳቸው ቀድተው እንዳይጠጡ ከለከልናቸው። "ልጆቼ፣ እስቲ ደጅ ወጣ ብዬ ልናፈስ" ሲሉን፣ "አይሆንም እማዬ፣ ጉልበትዎን ለኦፕራሲዮኑ ያስቀምጡ" ያልኳቸው እኔ ነኝ።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ከመኪናው እስከ ሆስፒታሉ በር ለመድረስ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደገፋቸው። ሐኪሙ አያቸውና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ድሮም እንዲህ ነበር የሚራመዱት?" ሲል ጠየቀኝ። አልነበረም! ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ በኋላ ግን የሳንባ ምች ያዛቸውና በሆስፒታል ብዙ ሰነበቱ። ቤተ ክርስቲያን ለመመለስም ወራት ፈጀባቸው። ይህ ሁሉ የሆነው በእኛ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ በሽታውም ዕድሜያቸውም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የሐኪሙ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጉልበት እንደ ገንዘብ ተቀምጦ የሚጠበቅ መስሎኝ ነበር። ለካስ ጉልበት እንደ መና ነው፤ ለነገ ብለው ቢያስቀምጡት አድሮ አይገኝም።

ተኝቶ የሰነበተ ሰውነት

ቀዶ ሕክምና ለሰውነት ከባድ ሥራ ነው። ማደንዘዣውን መቋቋም፣ የተቆረጠውን መጠገን፣ ከኢንፌክሽን ጋር መታገል፣ ይህ ሁሉ ልብና ሳንባ ከወትሮው በላይ እንዲሠሩ ያስገድዳል። ቁስል የሚጠገንበትን ፕሮቲን ሰውነት ከሚያገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ ደግሞ የራሱ ጡንቻ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ረጅም ዳገት እንደሚጠብቀው መንገደኛ ቁጠሩት። ዳገት የሚጠብቀውን መንገደኛ ለሳምንታት አስተኝተን ብናሰነብተው ምን ይሆናል? ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ልቡ በጥቂት እርምጃ ይደክማል፣ ሳንባውም በሙሉ መተንፈስን ይረሳል። በሽታው ከሚወስድበት ጉልበት ላይ አልጋው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል።

ቀድሞ ሐኪሞችም ለካንሰር ታማሚ የሚመክሩት በአብዛኛው ዕረፍትን ነበር። ያ ምክር ተለውጧል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ዋና መልእክት የካንሰር ታማሚዎች ያለ እንቅስቃሴ ከመቀመጥ እንዲርቁ የሚል ነበር። በ2019 የወጣው ደግሞ መጠኑንም ለይቷል፦ በሳምንት ሦስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ። ይህ ድካምን፣ ጭንቀትንና ድባቴን እንደሚያቃልል በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ሌሊቱን ምን እያሰበ እንደሚያነጋ የምታውቁ ሁሉ፣ ጭንቀትን ማቃለል ብቻውን ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ትረዱታላችሁ።

የሞንትሪያሉ ጥናት

በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ የሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ልክ እንደ እኛ እናት የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 77 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ከቀዶ ሕክምናው አራት ሳምንት ቀደም ብሎ በየቤቱ እንቅስቃሴ፣ የፕሮቲን ምግብና መንፈስን የማረጋጋት ልምምድ ጀመረ። ሁለተኛው ቡድን ያንኑ የጀመረው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ስምንት ሳምንት በኋላ ሁሉም በስድስት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል መራመድ እንደሚችሉ ተለካ። ቀድመው ከጀመሩት መካከል 84 በመቶው ወደ ቀድሞ ጉልበታቸው ተመልሰው ወይም ከዚያ አልፈው ተገኙ፤ ዘግይተው ከጀመሩት ግን 62 በመቶው ብቻ።

በ2023 ደግሞ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ ሆስፒታሎች 251 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ወጣ። ለአራት ሳምንት በባለሙያ እየታገዙ ከተዘጋጁት መካከል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባድ ችግር የገጠማቸው 17 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ካልተዘጋጁት ግን 30 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

እውነቱን ሁሉ መናገር ስላለብኝ ይህንንም ልጨምር። እነዚያው የሞንትሪያል ሐኪሞች በ2020 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ እጅግ በደከሙ አረጋውያን ላይ ይህ ዝግጅት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጡ ችግሮችን ሲቀንስ አላዩም። ስለዚህ እንቅስቃሴ ተአምር አይደለም። ካንሰሩን አያጠፋም፣ ቀዶ ሕክምናውንም አይተካም። "ትንሽ ልጠንክርና" ብሎ ቀጠሮ ማራዘምም አይገባም። ሰውነትን ለሚመጣው ትግል ያዘጋጃል፤ ሥራው ይህ ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት የሚያክመውን ሐኪም ጠይቁ። በግልጽ፣ "እስከ ቀጠሮው ድረስ መራመድና መንቀሳቀስ እችላለሁ ወይ? እንዳላደርግ የምትከለክሉኝ ነገር አለ ወይ?" በሉት። ፊዚዮቴራፒስት ካለም እንዲያገናኛችሁ ለምኑት። ከተፈቀደላችሁ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለውም።

አንደኛ፣ መራመድ። በቀን አሥር ደቂቃ ጀምሩና በየጥቂት ቀኑ ጨምሩ። መጠኑን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ፦ እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝሙር መዘመር ግን ካዳገታችሁ ልኩ ላይ ናችሁ። ማውራትም ካቃታችሁ ቀስ በሉ።

ሁለተኛ፣ ጡንቻን ማጠንከር። ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በክንድ መግፋት፣ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በእጅ ይዞ ማንሳትና ማውረድ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።

ሦስተኛ፣ መተንፈስ። በአፍንጫ በረጅሙ መሳብ፣ ጥቂት መያዝ፣ ከዚያም በአፍ ቀስ አድርጎ ማውጣት። አሥር ጊዜ ያህል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሳንባ ምችን ለመከላከል ይህንኑ ነው የሚያዙት፤ ቀድሞ የለመደው ሰው ሕመም ላይ ሆኖም አይቸግረውም። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ማቆሚያው ዛሬ ነው።

አራተኛ፣ ምግብ። ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ሐኪሙ ካልከለከለ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አቅም ሲኖር ደግሞ ዓሣና ሥጋ ይቅረብ። እዚህ ላይ ለጸሎት ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። ታማሚዋን ራሷን ለተከታታይ ቀናት አታስጹሟት። ጾሙን እኛ እንጹምላት፣ እርሷ ትብላ። ኤልያስ ሞትን ተመኝቶ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ምን እንዳደረገለት 1ኛ ነገሥት 19ን ገልጣችሁ አንብቡ። አስነስቶ ነው ያበላው፣ ምክንያቱም ገና ረጅም መንገድ ይጠብቀው ነበር።

መቼ እናቁም?

የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማ ወዲያው ቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመም እንዲሁ። ትኩሳት ባለበት ቀን ዕረፉ፤ ኬሞቴራፒ እየወሰደ ያለ ሰው ካተኮሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ የገባበት፣ ከባድ የደም ማነስ ያለበት ወይም በቀላሉ የሚደማ ሰው ያለ ባለሙያ ምክር ምንም አይጀምር።

ለባሎችና ለሚስቶች

ባለፈው ጊዜ አንድ ወንድም ወደ ቤታችን መጥቶ ነበር። ባለቤቱ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና እየጠበቀች ነው። "መንቀሳቀስ ትፈልጋለች፣ እኔ ግን እፈራላታለሁ። ብትወድቅብኝስ?" አለና እንባው መጣ። ይህ ፍርሃት ፍቅር ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፣ እግሯን የሚያደክም ፍቅር እንዳይሆን ተጠንቀቅ። መፍትሔው እርሷን ማስቀመጥ አይደለም፤ አንተ መነሳት ነው። ሐኪሟ መፍቀዱን አረጋገጥን፣ እርሱም ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ክንዷን ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሶ መመለስ ጀመረ። በኋላ ሲነግረኝ፣ በዚያች መንገድ ላይ በቤት ውስጥ ሊነጋገሩት ያልቻሉትን ሁሉ ተነጋገሩ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጡቷ፣ "ከዚያ በኋላ ትወደኛለህ ወይ?" ስላለችው ጥያቄም ጭምር። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያፍረውን ጎን ለጎን እየሄደ ይናገረዋል።

"ይህ ሁሉ መፍጨርጨር እምነት ማነስ አይደለምን?" የሚል አይጠፋም። ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጌታ ዕድሜ እንደሚጨምርለት ነግሮት ሳለ፣ ኢሳይያስ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ተስፋውና ጥፍጥፉ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። እኛም እየጸለይን እንራመዳለን፣ እየተራመድን እንጸልያለን።

እናንተ የእህቶች ኅብረት መሪዎች ደግሞ ተራ ማውጣታችሁን አትተዉ። ከባዱን ልብስ እጠቡ፣ ሆስፒታል አድርሱ። ከተራው ላይ ግን አንድ ነገር ጨምሩ፦ ዛሬ ከእርሷ ጋር የምትራመደው ማን ናት?

እኚያ እናታችን በጌታ ቸርነት ዛሬም በመካከላችን አሉ። በቅርቡ ሄጄ ስለዚያ ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቁና፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ የፈለግሁት አንድ ብርጭቆ ውኃ ራሴ ተነስቼ መቅዳት ነበር" አሉኝ። ከዚያም ተነስተው ቡናውን ራሳቸው ቀዱልኝ። እኔም አልከለከልኳቸውም።

እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በሰላም ቆዩ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።