የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችና የስኳር በሽታ ቁጥጥር፦ በአሜሪካ የሂስፓኒክ ማኅበረሰብ ተሞክሮ

የስኳር በሽታ ሕሙማን አመጋገባቸውን፣ የአካል እንቅስቃሴያቸውንና የመድኃኒት አወሳሰዳቸውን በየዕለቱ እየተከታተሉ ዕድሜ ልክ የሚቆጣጠሩት ሕመም ነው። በመሆኑም ሐኪሙ ያዘዘው ሕክምና ውጤት ማስገኘት አለማስገኘቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በሕሙማኑ ቤትና የሥራ ቦታ ነው። ይህ እውነታ ጎልቶ ከሚታይባቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች አንዱ በአሜሪካ የሚኖረው የሂስፓኒክ ማኅበረሰብ ነው።

እ.ኤ.አ በ2020 የተካሄደው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የማኅበረሰቡ ቁጥር ከ62 ሚሊዮን በላይ መድረሱን አሳይቷል። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ የ2018 እና የ2019 መረጃ እንደሚያመለክተው፤ በምርመራ የተረጋገጠ የስኳር በሽታ ያለባቸው አዋቂዎች ድርሻ ሂስፓኒክ ባልሆኑ ነጮች ዘንድ 7 ነጥብ 4 በመቶ ሲሆን፤ በሂስፓኒኮች ዘንድ 11 ነጥብ 8 በመቶ ነው። በሽታው በአግባቡ ካልተያዘ ለዓይነ ስውርነት፣ ለኩላሊት ሥራ ማቆምና ለእግር መቆረጥ ስለሚዳርግ ልዩነቱ በቤተሰብም ሆነ በመንግሥት በጀት ላይ የሚያስከትለው ጫና ቀላል አይደለም።

ለችግሩ መባባስ የቋንቋ አለመግባባት፣ የጤና መድን እጦትና ከሥራ ሰዓት ጋር የማይጣጣም የሕክምና ቀጠሮ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ከዚህም ባሻገር የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያሳስባቸው ቤተሰቦች ወደ ጤና ተቋም ከመሄድ ሲቆጠቡ ይስተዋላል።

ይህን ክፍተት በመሙላት ረገድ በስፓኒሽ ቋንቋ «ፕሮሞቶራ» የሚባሉት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከፍተኛ ሚና ይጫወታሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ የሚያገለግሉት የራሳቸውን ሰፈር ነዋሪዎች ነው። ሥራቸው መድኃኒት ማዘዝን አይጨምርም፤ የደም ስኳር መለኪያ አጠቃቀምን ያሳያሉ፣ ቀጠሮ ያስታውሳሉ፣ የእግር ቁስል በጊዜ እንዲታይ ይመክራሉ። ቶርቲያ፣ ሩዝና ባቄላ ከማዕድ ይወገድ ከማለት ይልቅም መጠኑና አዘገጃጀቱ እንዴት እንደሚስተካከል ከቤተሰቡ ጋር ይመካከራሉ።

የአሠራሩ ጠቀሜታ በጥናት የተደገፈ ነው። በአሜሪካ የማኅበረሰብ ጤና እርምጃዎችን የሚገመግመው ገለልተኛ የባለሙያዎች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ በ2017 የቀረቡለትን ጥናቶች መርምሮ፤ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ማሳተፍ የሕሙማንን የደም ስኳር ቁጥጥር እንደሚያሻሽል በማረጋገጥ አሠራሩ ሥራ ላይ እንዲውል መክሯል።

ይሁንና ዋነኛው ፈተና የገንዘብ ምንጭ ነው። የሠራተኞቹ ደመወዝ ለረጅም ዓመታት የተሸፈነው በአብዛኛው ጊዜያቸው በተወሰነ የፕሮጀክት ድጋፎች ነው። ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ ሠራተኛዋ ትሰናበታለች፤ በዓመታት የተገነባው የነዋሪዎች አመኔታም አብሯት ይሄዳል። ሕመሙ ግን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በመሆኑ የሕሙማኑ የክትትል ፍላጎት ከፕሮጀክቱ ጋር አያበቃም።

ችግሩን ለመፍታት በየደረጃው እርምጃዎች ተወስደዋል። የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ በ1999 እና በ2001 ባወጣቸው ሕጎች የሥልጠናና የምስክር ወረቀት ሥርዓት ዘርግቷል። በዚሁ ሥርዓት የምስክር ወረቀት ለማግኘት 160 ሰዓት ሥልጠና ወይም 1 ሺህ ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ በ2007 የሠራተኞቹ አገልግሎት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ዜጎች በሚውለው ሜዲኬይድ የተባለ የጤና መድን እንዲሸፈን ፈቅዷል። ካሊፎርኒያም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ተመሳሳይ አሠራር ተግባራዊ አድርጋለች።

ክፍያው በመንግሥት ሥርዓት መታቀፉ የራሱን ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም። በካሊፎርኒያ ክፍያው የሚሰላው በ30 ደቂቃ አገልግሎት ሲሆን፤ የፕሮሞቶራ ሥራ ግን ሁልጊዜ በደቂቃ የሚለካ አይደለም። ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ልጅ ትምህርት የሚደረግ ጨዋታ ለሪፖርት ላይመች ይችላል፤ ሕመምተኛዋ መድኃኒቷን ያቋረጠችበትን ምክንያት የምትገልጸው ግን ብዙውን ጊዜ በዚሁ ጨዋታ መሐል ነው። በሌላ በኩል ምክር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ኢንሱሊን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው መርፌ አወጋጉን በሚገባ ቢያውቅም ጥቅሙ ውስን ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ እ.ኤ.አ በ2003 የተጀመረው የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተለየ መነሻ ነበረው። የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ሴቶች ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው በየቀበሌው ተመድበዋል። ፕሮግራሙ ሲጀመር ትኩረቱ በአመዛኙ በእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ በአካባቢ ንጽሕናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። የስኳር በሽታን የመሰሉ ሕመሞች ግን ተደጋጋሚ ክትትልን፣ የማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦትንና ከጤና ጣቢያ ጋር የጠበቀ ትስስርን ይጠይቃሉ።

የአሜሪካ ተሞክሮ ለዕቅድ አውጪዎች የሚያስተላልፈው መልዕክት ግልጽ ነው። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ውጤት የሚያስገኙት ከነዋሪው ጋር ባላቸው ቅርበት ቢሆንም፤ ይህ ቅርበት በጊዜያዊ ገንዘብ ብቻ ሊዘልቅ አይችልም። ስለሆነም ፕሮጀክት በሚነደፍበት ወቅት ድጋፉ ሲያበቃ ደመወዙን ማን እንደሚሸፍን፣ መድኃኒቱ ከየት እንደሚገኝና ሥራው በምን እንደሚለካ አስቀድሞ መወሰን ይገባል።