«ችግር የለም» ከመባሉ በፊት አመዱ በወንፊት ይለፍ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የኑክሌር አመድ ወርዶ ባለሥልጣን «ለክተነዋል፣ ችግር የለም» ሲል መጠየቅ ያለበትም ከሥሩ ነው፦ የተለካው የትኛው አመድ ነው?

ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በቢኪኒ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። 6 ሜጋቶን ገደማ ይሆናል የተባለው ፍንዳታ 15 ሜጋቶን ሆነ። የተፈጨው የዛጎል ድንጋይ እንደ ነጭ አመድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በነበሩ 23 ጃፓናዊ ዓሣ አጥማጆችና በሮንጌላፕ ደሴት ነዋሪዎች ላይ ወረደ።

አመድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እህል ለነፋስ ሲሰጥ ፍሬው እግር ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ርቆ ይሄዳል። የፍንዳታ አመድም እንዲሁ ነው፤ ሻካራው ቅርብ ይወርዳል፣ ደቃቁ ነፋስ ወዳደረሰው ይጓዛል። የያዙትም ይለያያል። ፍንዳታው ሲበርድ ቶሎ የሚጠጥሩት ንጥረ ነገሮች ከቀለጠው አፈር ጋር ተዋህደው ቅንጣቱ ውስጥ ይቀራሉ። እንደ አዮዲንና ሲዚየም ያሉት ግን ዘግይተው ቅንጣቱ ላይ ይለጠፋሉ፤ በደቃቁም ላይ ይበዛሉ። ላዩ ላይ ያለው ደግሞ በውኃ በቀላሉ ይታጠብና ወደ ሣር፣ ወደ ወተት፣ ወደ ሰው አካል ይገባል።

ስለዚህ ናሙናው በወንፊት ተለይቶ ሻካራው ለብቻ፣ ደቃቁ ለብቻ፣ በውኃ የሚሟሟውም ለብቻ ይለካል። በመሣሪያ ላይ እኩል ቁጥር የሚያሳዩ ሁለት ናሙናዎች ለሚተነፍሰውና ለሚበላው ሰው እኩል አደጋ ላይሆኑ ይችላሉ። ድምሩ ብቻ ሲነገር ይህ ልዩነት ይደበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ለኪው ማን ነው? አሜሪካ የቦምቡን ሥሪት በምሥጢር ይዛ ሳለ፣ የጃፓን ሳይንቲስቶች ከመርከቡ የተሰበሰበውን አመድ መርምረው ዩራኒየም-237 አገኙበት። ፖላንድ የተወለደው አይሁዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሮትብላት ከዚህ ተነስቶ ቦምቡ አብዛኛውን ጉልበት ያገኘው ከዩራኒየም መሰንጠቅ እንደሆነ ደረሰበት፤ በ1955ም ለሕዝብ አሳወቀ። ምሥጢሩን ያወጣው አመዱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱ ነው።

ሮንጌላፖች ግን ይህ ዕድል አልነበራቸውም። በ1957 «ደሴቱ ደህና ነው» ተብለው ተመለሱ። ሲዚየም ከአፈሩ ወደ ኮኮናታቸው ገብቶ ነበር። በልጅነታቸው አመዱ ከወረደባቸው ብዙዎቹ በኋላ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ያዛቸው። በ1985 ነዋሪዎቹ በራሳቸው ውሳኔ ደሴቱን ለቀው ወጡ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። የትኛውም መንግሥት የአመድ ናሙና ሲለካ ውጤቱን በየክፍሉ ለይቶ ያሳውቅ፤ ከናሙናውም ለገለልተኛ ላቦራቶሪ ያካፍል። አንድ ድምር ቁጥር ለሪፖርት ይበቃ ይሆናል። ልጆቹን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ለሚወስን አባት ግን አይበቃም።